የ1907–08ን የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እንዴት እናንብበው?

21 ለ 18፣ ከዚያ 16 ለ 15። በ1908 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን ሁለት ጊዜ ገጠመ፤ ሁለቱንም አሸነፈ። አንዱን ቺካጎ ላይ፣ ሌላውን ፊላደልፊያ ላይ። የምዕራቡ አሸናፊ ከምሥራቁ አሸናፊ ጋር የተገናኘበት ስለሆነ ብዙ ሰው «የአገር ሻምፒዮና» ይለዋል።

የዛሬን የኮሌጅ ጨዋታ የለመደ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ሲያይ መጀመሪያ የሚመጣለት ነገር «እነዚህ ልጆች ኳስ ማስገባት አይችሉም ነበር እንዴ?» የሚል ነው። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። ተሳስቼ ነበር። የድሮ ውጤት የሚነበበው በራሱ ዘመን ደንብ ነው። ደንቡን ካላወቃችሁ ቁጥሩ ዝም ብሎ ቁጥር ነው፣ እንዲያውም ያሳስታችኋል።

እዚህ የማሳያችሁ አንድን የጥንት የውድድር ዘመን ከፍቶ በትክክል ማንበብ እንዴት እንደሚቻል ነው። ምሳሌ ያደረግኩት 1907–08ን ነው። የመረጥኩት በዘፈቀደ አይደለም። ያ ዓመት አሮጌው ደንብ ሊለወጥ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። ሁለት ቡድኖች ሻምፒዮን የሚባሉበትም ዓመት ነው። ደግሞ አንድ በጣም የሚወራለት ውርወራ አለው፣ እሱን መጨረሻ ላይ እናየዋለን። ዘዴው ግን ከ1890ዎቹ ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ላለ ለየትኛውም የውድድር ዘመን ይሠራል።

መጀመሪያ ዓመቱን አጥሩ

ቀላል ይመስላል፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን እዚህ ነው። ውድድሩ በብርዱ ወራት ነው የሚካሄደው፣ ዲሴምበር አካባቢ ይጀምርና ማርች ላይ ያልቃል። ስለዚህ አንዱ ዝርዝር «1908» ይለዋል፣ ሌላው «1907–08»። የዩኒቨርሲቲ የዓመት መጽሐፍ ደግሞ ሽፋኑ ላይ «1909» ሊል ይችላል፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ መጽሐፉን የሚያዘጋጁት በቀጣዩ ዓመት የሚመረቁት ተማሪዎች ነበሩና የራሳቸውን የምረቃ ዓመት ነው የሚጽፉበት። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ የውድድር ዘመን ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ የአንድ ሳምንት ሥራዬን አፍርሼ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። የሁለት ዓመት ጨዋታዎችን አንድ ላይ ደባልቄ ነበር።

እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደስ የሚለኝ ግን 1907–08 ሙሉ በሙሉ በእኛ 1900 ዓ.ም. ውስጥ መውደቁ ነው። ለማስታወስ ይመቻል።

ከውጤቱ በፊት የዓመቱን ደንብ አንብቡ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንሄዳለን።

ጨዋታውን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ ነው፣ በዲሴምበር 1891፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት። 13 ደንቦች ነበሩት፣ ቅርጫቱ የኮክ መያዣ ቅርጫት፣ ኳሱ የእግር ኳስ። ተማሪዎቹ 18 ስለነበሩ ዘጠኝ ለዘጠኝ ተጫወቱ። በ1895 ሚኒሶታ ውስጥ ሁለት ኮሌጆች ሲገናኙም ዘጠኝ ለዘጠኝ ነበር፣ የግዛቱ የግብርና ትምህርት ቤት ሃምሊንን 9 ለ 3 አሸነፈ። አምስት ለአምስት የመጣው ቀጥሎ ነው። በ1896 ቺካጎ አይዋ ሲቲ ሄዶ 15 ለ 12 ያሸነፈበት ጨዋታ አለ፣ በ1897 ደግሞ ዬል ፔንሲልቬኒያን 32 ለ 10። ስለዚህ የ1890ዎቹን ውጤት ስታዩ «ስንት ለስንት ተጫወቱ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለ1907–08 ይህ ጥያቄ ተዘግቷል፣ አምስት ለአምስት ነው።

አሁን ወደ ነጥቡ። ከ1895–96 ጀምሮ ከጨዋታ የገባ ቅርጫት 2 ነጥብ፣ የቅጣት ውርወራ 1 ነጥብ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ነበር። ሦስት ነጥብ የሚያስገኝ የሩቅ ውርወራ በኮሌጅ ሁሉ የተዳረሰው በ1986–87 ነው፣ ስለዚህ በ1908 ከመሃል ሜዳ የገባም ከቅርጫቱ ሥር የገባም እኩል 2 ነው።

ውጤቱን ዝቅ ያደረገው ግን የነጥቡ አቆጣጠር አይደለም። ዋናዎቹ ምክንያቶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ቅርጫት በኋላ ኳሱ ወደ መሃል ይመለሳል። ሁለቱ ሴንተሮች (የመሃል ተጫዋቾች) ቆመው ዳኛው ኳሱን ወደ ላይ ይወረውርላቸዋል፣ የዘለለ ይነካል። ዛሬ ጨዋታ ሲጀመር አንድ ጊዜ የምናየው ነገር ያኔ ቅርጫት በገባ ቁጥር ነበር፣ እስከ 1937 ድረስ። ይህ ጊዜ ይበላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ኳሱን የሚቆጣጠረውን ይወስናል። ጥሩ የሚዘል ሴንተር ያለው ቡድን ቅርጫት አግብቶ ኳሱን መልሶ ያገኛል፣ እንደገና ያገባል፣ እንደገና ያገኛል። ተጋጣሚው ኳስ ሳይነካ ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ። የዚያን ዘመን ጋዜጣ ስለ ሴንተሩ ለምን ያን ያህል እንደሚጽፍ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ ኳስ እያነጠረ የሚሄድ ተጫዋች ወደ ቅርጫቱ መወርወር አይፈቀድለትም ነበር። በኮሌጅ ደንብ ይህ የተፈቀደው ከ1908–09 ጀምሮ ነው፣ ማለትም ከእኛ የውድድር ዘመን በኋላ ወዲያው። አስቡት፣ ኳሱን እያነጠርክ ተከላካዩን አልፈህ ቅርጫቱ ሥር ደርሰሃል፣ ግን መወርወር አትችልም። ማቀበል አለብህ። ጨዋታው የቅብብል ጨዋታ ነው። ዛሬ ብዙ ነጥብ የሚገኝበት መንገድ በደንብ ተዘግቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ የጊዜ ገደብ የለም። ውርወራ በዚህን ያህል ሰከንድ ውስጥ የሚል ደንብ ወደ ወንዶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የመጣው በ1985–86 ነው። ኳሱን በ10 ሰከንድ መሃሉን ማሻገር የግድ የሆነውም በ1932–33 ነው። በ1908 በአንድ ነጥብ የሚመራ ቡድን ኳሱን ይዞ ሜዳውን ሙሉ መዞር ይችላል። 16 ለ 15ን አሁን እንደገና እዩት።

ከዚህ ሌላ ኳሱ በማሰሪያ የተሰፋ ቆዳ ነው፣ እንደ ዛሬው እኩል አይነጥርም። የመረቡ ታች በደንብ ክፍት የሆነው በ1913–14 ነው። ከሜዳ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ መግባት የተፈቀደለት ደግሞ በ1920–21 ነው፣ ስለዚህ አሰልጣኙ ሰው መቀየር ከባድ ውሳኔ ነበር፣ ብዙ ጊዜ የጀመሩት አምስቱ ናቸው የሚጨርሱት። የሜዳው ስፋትም አንድ አልነበረም። አንዱ ኮሌጅ ሰፊ ጂም አለው፣ ሌላው ምድር ቤት ውስጥ ይጫወታል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ብዙ ጸሐፊ ይዘለዋል። በ1905 ኮሌጆቹ የራሳቸውን የደንብ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። ወወክማ እና የአማተር ስፖርት ማኅበሩ ኤኤዩ በሌላ ደንብ ይጫወታሉ። ሁለቱ ደንቦች አንድ የሆኑት በ1914–15 ነው። እናም አንድ ኮሌጅ በ1908 ከከተማው ወወክማ ጋር ሲጫወት «በየትኛው ደንብ?» የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንዳንዴ ጋዜጣው ራሱ ይነግራችኋል፣ በተለይ የተሸነፈው ወገን በደንቡ ካማረረ።

የቅጣት ውርወራዋን ዓምድ እንዳታልፏት

ለዚህች ነገር ለብቻዋ ቦታ ልስጣት፣ ምክንያቱም የድሮ ኮከቦችን ቁጥር የምትፈታው ቁልፍ እሷ ናት።

ዛሬ ፋውል የተሠራበት ሰው ራሱ ይወረውራል። እስከ 1923–24 ድረስ ግን ቡድኑ ከአምስቱ ጥሩ የሚወረውረውን ይመርጣል። ሁሉንም ቅጣት አንድ ሰው ይወረውራል። ውጤቱ ምን እንደሆነ በክሪስ ስታይንሜትዝ ላይ እዩት፣ የዊስኮንሲን ተጫዋች ነው። በ1904–05 ብቻውን 462 ነጥብ አስቆጥሯል። ለዚያ ዘመን የማይታመን ቁጥር ነው። ግን ዘርዝሩት፦ 112 ከጨዋታ፣ 238 ከቅጣት። 112 በ2 ሲባዛ 224፣ ሲደመር 238፣ 462። ከግማሽ በላይ የሆነው ነጥቡ ቆሞ ከ15 ጫማ፣ ማለትም ከአራት ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት የወረወረው ነው፣ ፋውሉም ብዙ ጊዜ በሌላ ልጅ ላይ የተሠራ ነው።

ይህ ስታይንሜትዝን ዝቅ አያደርገውም። 238 ማስገባት ራሱ ትልቅ ችሎታ ነው፣ ቡድኑም የመረጠው እጁን አምኖ ነው። ነገር ግን ከዛሬ ተጫዋች ነጥብ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ስህተት ነው። ከቡድኑ ጓደኞች ጋር ስታወዳድሩትም ከጨዋታ የገባውን ብቻ ለይታችሁ አወዳድሩ። ቅጣት የማይወረውር ጥሩ አጥቂ በጠቅላላ ነጥብ ዝርዝር ላይ ተደብቆ ይቀራል።

የራሳችሁን የጨዋታ ዝርዝር ሥሩ

ዝግጁ ሰንጠረዦች ኢንተርኔት ላይ አሉ፣ ከነሱ ብትጀምሩ ችግር የለውም። ግን እዚያ ካቆማችሁ የሰው ስህተት ነው የምትወርሱት። አንድ ቡድን ምረጡ፣ ቺካጎን ወይም ፔንሲልቬኒያን በሉ፣ ኤክሴል ክፈቱና አንድ ረድፍ ለአንድ ጨዋታ ስጡ። ቀን፣ ቦታ፣ ተጋጣሚ፣ ውጤት፣ ያገኛችሁበት ጋዜጣ። የመጨረሻዋ ዓምድ እንዳትረሳ።

ምንጭ አለ፣ አብዛኛውም ነጻ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» በሚባለው ክምችቱ የድሮ ጋዜጦችን በምስል አስቀምጧል። የኢንዲያና ጋዜጦች «ሁዝየር ስቴት ክሮኒክልስ» ላይ ናቸው፣ ሻምፒዮን ከሚባሉት ሁለቱ አንዱ ለሆነው የኢንዲያናው ዋባሽ ኮሌጅ መጀመሪያ የምትሄዱት እዚያ ነው። ከዚህ ሁሉ የበለጠ ግን የተማሪዎቹ ጋዜጣ ነው። የቺካጎው ዴይሊ ማሩን፣ የፔንሲልቬኒያው ዴይሊ ፔንሲልቬኒያን፣ የዊስኮንሲኑ ዴይሊ ካርዲናል በ1908 ሁሉም ይታተሙ ነበር። የከተማው ጋዜጣ ሁለት መስመር ሲሰጠው የተማሪው ጋዜጣ ጨዋታውን ከጅማሬው እስከ ፍጻሜው ይተርካል። ያኔ የስፖርት ዕቃ አምራቹ ስፓልዲንግ በየዓመቱ የሚያወጣው የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ መመሪያም አለ፣ የዓመቱን ደንብ ሙሉውን ታገኙበታላችሁ።

ስትፈልጉ አንድ ብልሃት ልስጣችሁ። በዚያ ዘመን «ባስኬትቦል» በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በሁለት ቃል ነው፣ «ባስኬት» ለብቻ «ቦል» ለብቻ። አንድ ላይ ገጥማችሁ ከጻፋችሁ ግማሹን አታገኙም። ቡድኑን ደግሞ ብዙ ጊዜ «ፋይቭ» ወይም «ኩዊንቴት» ይሉታል። ቺካጎ «ማሩንስ»፣ ፔንሲልቬኒያ «ኩዌከርስ»፣ ዊስኮንሲን «ባጀርስ» እየተባለ ነው የሚጻፈው፣ በእነዚህም ፈልጉ። የመፈለጊያው ሲስተም የደበዘዘ ፊደል ሲያነብ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ምንም አልመጣም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፣ ጨዋታው የተካሄደበትን ቀን ካወቃችሁ የማግስቱን ጋዜጣ ከፍታችሁ ገጽ በገጽ እዩት። እኔ ጥሩ ጥሩውን ያገኘሁት እንዲህ ገጽ እየገለጥኩ ነው።

ደግሞ ሁልጊዜ የሁለቱንም ከተማ ጋዜጣ እዩ። የአሸናፊው ጋዜጣ ስለ ድሉ ይጽፋል፣ የተሸናፊው ጋዜጣ ስለ ዳኛው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቡ ጨዋታው መልክ ይይዛል።

የውጤት ሰንጠረዡን ማንበብ

ስም፣ ቦታ፣ ሁለት ቁጥር። ያው ነው። ቦታዎቹ የቀኝ አጥቂ፣ የግራ አጥቂ፣ ሴንተር፣ የቀኝ ተከላካይ፣ የግራ ተከላካይ ናቸው፣ ከሴንተር በቀር በሁለት በሁለት ፊደል ያሳጥሯቸዋል። የአባት ስም ብቻ ነው የሚጻፈው። የመጀመሪያው ቁጥር ከጨዋታ የገባ፣ ሁለተኛው ከቅጣት የገባ። አንድ ሰው 6 እና 4 ካለው 16 ነጥብ አስቆጥሯል ማለት ነው እንጂ 10 አይደለም።

ደምሩት። ሁልጊዜ ደምሩት። ድምሩ ከላይ ከተጻፈው ውጤት ጋር ካልገጠመ አንዱ ተሳስቷል፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ አትወስኑ፣ የሌላኛውን ከተማ ጋዜጣ ጠብቁ።

ተከላካዮቹ ዜሮ ቢሆኑ አትገረሙ። ከሁለቱ አንዱ ብዙ ጊዜ ቅርጫቱ ሥር ቆሞ የሚቀር ነበር፣ ሌላው ነው ወደ ፊት የሚሮጠው። ዜሮ ነጥብ ያለው ተከላካይ የጨዋታው ምርጥ ሰው ሊሆን ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ ሰንጠረዡ አይደለም፣ ከጎኑ ያለው ጽሑፍ ነው።

ማንን ነው ያሸነፉት?

ቺካጎ በ1907–08 21 አሸንፎ 2 ተሸንፏል። ዋባሽ 24 አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መፍረድ ያጓጓል። ትንሽ ቆዩ።

በዚያ ዘመን ኮሌጆች ያገኙትን ይገጥማሉ። ሌላ ኮሌጅ፣ የከተማ ወወክማ፣ የስፖርት ክለብ፣ የሚሊሻ ጓድ ቡድን፣ የራሳቸው ተመራቂዎች፣ አንዳንዴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት። ሁሉም በአንድ ቁጥር ውስጥ ሊደመሩ ይችላሉ። ስለዚህ በዝርዝራችሁ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፣ «የተጋጣሚ ዓይነት» በሉት። ከሞላችሁ በኋላ ከኮሌጅ ጋር የተደረጉትን ብቻ ለይታችሁ ቁጠሩ። ቁጥሩ ሲለወጥ ታያላችሁ። እዚህ ጋ መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ወወክማ ሁሉ ደካማ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። ጨዋታው የተወለደው እዚያ ነው። ከኮሌጆቹ የሚበልጡ የወወክማ ቡድኖች ነበሩ። ዓምዷ ለመለየት ነው፣ ለመናቅ አይደለም።

ቀጥሎ ሊጎቹን እዩ። በምሥራቅ የምሥራቅ ኮሌጆች ሊግ አለ፣ በ1901–02 በዬል፣ በሃርቫርድ፣ በፕሪንስተን፣ በኮሎምቢያ እና በኮርኔል የተጀመረ፣ ፔንሲልቬኒያ በኋላ ገባ፣ በ1907–08ም ሊጉን ወሰደ። በምዕራብ ዛሬ ቢግ ቴን የምንለው ዌስተርን ኮንፈረንስ አለ፣ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ1905–06 ነው። በ1907–08 ቺካጎ እና ዊስኮንሲን እኩል ጨርሰው በመለያ ጨዋታ ቺካጎ አለፈ። ያኔ ነው ከፔንሲልቬኒያ ጋር የተገናኘው። ከዚያ በስተ ምዕራብ ደግሞ የሚዙሪ ቫሊ ኮንፈረንስ የመጀመሪያ የቅርጫት ኳስ ዓመቱ ነበር፣ ካንሳስ ወሰደው፣ 18 አሸንፎ 6 ተሸንፎ። የካንሳስ አሰልጣኝ የ22 ዓመቱ ፎግ አለን ነው፣ ያን ዓመት ቡድኑን የተረከበው ከናይስሚዝ ከራሱ ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ካንሳስን ሲያሰለጥን 55 አሸንፎ 60 ተሸንፏል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት አሰልጣኞች ሁሉ ከማሸነፉ ሽንፈቱ የበዛው እሱ ብቻ ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ናይስሚዝን ይበልጥ እወደዋለሁ፣ ጨዋታውን የፈጠረው ለማሸነፍ ሳይሆን ለልጆቹ የብርድ ወራት እንቅስቃሴ እንዲሆን ነበርና።

ሊጎቹ እርስ በርሳቸው ብዙ አይገናኙም። ጉዞው በባቡር ነው። ስለዚህ የኢንዲያናውን ቡድን ከኒው ዮርኩ ጋር የሚያገናኝ ክር ቀጭን ነው፣ አንዳንዴም የለም። ቺካጎ ፊላደልፊያ ድረስ መሄዱ ያን ያህል የሚወራለት ለዚህ ነው።

ሻምፒዮኑን ማን መረጠው?

የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ የራሱን የቅርጫት ኳስ ውድድር የጀመረው በ1939 ነው፣ ኦሪገን ኦሃዮ ስቴትን 46 ለ 33 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በፊት ያለ «የአገር ሻምፒዮን» የሚል ነገር ስታነቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ማን አለ፣ መቼ አለ?

ለ1908 ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አንዱ ከሄልምስ አትሌቲክ ፋውንዴሽን ነው፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1936 የተቋቋመ ድርጅት። ሄልምስ ከ1901 እስከ 1919 ያሉትን ሻምፒዮኖች የመረጠው በ1957 ነው። ጨዋታው ከተካሄደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ማለት ነው። ለ1908 ቺካጎን መረጠ፣ ለ1907 እና ለ1909ም እንዲሁ። ሁለተኛው መልስ የፓትሪክ ፕሪሞ እና የፊል ፖሬታ ደረጃ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከ1895–96 ጀምሮ እስከ 1947–48 ያሉትን ዓመታት አንድ በአንድ መርምረው ደረጃ አወጡ፣ በ2009 በስፖርት ጣቢያው ኢኤስፒኤን የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ወጣ። እነሱ ለ1908 ዋባሽን አስቀደሙ።

እንዲህ ያለ መለያየት ብርቅ አይደለም። ለ1901 ሄልምስ ዬል ሲል ፕሪሞ እና ፖሬታ ባክኔል ብለዋል። ሁለቱም ወገን በዚያ ዓመት ጂሙ ውስጥ አልነበረም።

ስለ ዋባሽ ትንሽ ልበል፣ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ክሮፎርድስቪል በምትባል ትንሽ የኢንዲያና ከተማ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። አሰልጣኙ ራልፍ ጆንስ ነበር። ይህ ሰው በኋላ ኢሊኖይን ይዞ በ1914–15 16 ጨዋታ 16 አሸንፏል፣ ሄልምስም ለዚያ ዓመት ኢሊኖይን መርጦታል። ስለዚህ የዋባሽ 24 ድል ያለ አንድ ሽንፈት ከሰማይ የወደቀ ዕድል አይደለም፣ ከኋላው እውነተኛ አሰልጣኝ አለ።

የእኔን ከጠየቃችሁ ወደ ቺካጎ አደላለሁ። የምሥራቁን አሸናፊ በገዛ ከተማው ማሸነፍ በዚያ ዘመን ሊገኝ የሚችለው ትልቁ ማስረጃ ነው። ግን ይህ የእኔ ፍርድ ነው። ሰንጠረዣችሁ ላይ «ሻምፒዮን» የሚል ዓምድ አታድርጉ። «በሄልምስ የተመረጠ፣ 1957» እና «በፕሪሞ እና ፖሬታ የተመረጠ፣ 2009» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አድርጉ። ያን ካደረጋችሁ የምትጽፉት ነገር ሁሉ ትክክል ይሆናል፣ ከማንም ጋር መጨቃጨቅም አያስፈልጋችሁ።

አፈ ታሪኩን እንዴት እንመርምረው?

አሁን ያቺ ውርወራ። የቺካጎው ሴንተር ጆን ሾመር በ1908 ከፔንሲልቬኒያ ጋር ሲጫወቱ ከ80 ጫማ ወርውሮ አስገባ ይባላል። 80 ጫማ ከ24 ሜትር በላይ ነው። የዛሬው የኮሌጅ ሜዳ ሙሉ ርዝመቱ 94 ጫማ ነው፣ ስለዚህ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ አትጣሉት፣ አትዋጡትም። ሦስት ነገር አድርጉ። መጀመሪያ ጨዋታው የተደረገበት ጂም ስንት ጫማ እንደነበር ፈልጉ፣ የሜዳ ስፋት አንድ እንዳልነበረ አይተናል፣ ሜዳው ራሱ ከ80 ጫማ ካነሰ ጥያቄው እዚያው አለቀ። ሁለተኛ የማግስቱን ጋዜጣ አንብቡ፣ የሁለቱንም ከተማ። «ከመሃል ሜዳ»፣ «ከሩቅ»፣ «ከሌላው ጫፍ» የሚሉት ቃላት የተለያዩ ናቸው፣ የተጻፈውን ቃል እንዳለ ቅዱ። ሦስተኛ፣ «80» የምትለው ቁጥር መጀመሪያ የታየችው መቼ እንደሆነ ወደ ኋላ ተከታተሉ። በማግስቱ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ከሸመገለ በኋላ በወጣ የሕይወት ታሪክ ላይ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። የድሮ ውርወራ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይረዝማል።

ውርወራዋ 80 ሆነች 50፣ ሾመር ታላቅ ተጫዋች መሆኑ አይቀየርም። ከላይ ያልኩትን የመሃል ዝላይ አስታውሱ፣ ቅርጫት በገባ ቁጥር ኳሱ መሃል ሲመለስ ቺካጎ ቆሞ የሚጠብቀው እሱን ነበር። ይህን ደግሞ ደንቡን ካነበበ ሰው በስተቀር ማንም አያየውም።

1907–08ን ስትጨርሱ ወዲያው 1908–09ን ክፈቱ። ቺካጎ እዚያው ነው፣ ሾመርም እዚያው ነው፣ የመሃል ዝላዩም እንዳለ ነው። አሁን ግን ኳስ የሚያነጥረው ልጅ መወርወር ተፈቅዶለታል። የሁለቱን ዓመት ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ከጨዋታ የገቡትን ቅርጫቶች ብቻ ቁጠሩ፣ ከዚያ አንድ የደንብ መስመር ስንት ቅርጫት እንደምትለውጥ በእጃችሁ በሠራችሁት ዝርዝር ላይ ታገኙታላችሁ።